የጓዳ ትጥቅና ልኩ

ኒው ካይሮ የተቆረቆረችው በ2000 ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ስፍራው ከካይሮ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ጠጠራማ በረሃ ነበር። ዛሬም በረሃው ርቆ አልሄደም፤ ከመጨረሻው መንገድ ማዶ ተቀምጧል። የካይሮ ሰው «ታጋሙዕ» እያለ ከሚጠራቸው ሰፈሮች ጠርዝ፣ በቃጣሚያ በኩል፣ በ1989 የተከለለ ድንጋይ የሆነ ደን አለ፤ 7 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መሬት ላይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የዛፍ ግንዶች ድንጋይ ሆነው ተጋድመዋል። ወደ ማዓዲ ሲሻገሩ ደግሞ በ1999 የተከለለው ዋዲ ደግላ ይመጣል፤ ግራና ቀኙ በኖራ ድንጋይ ገደል የታጠረ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ደረቅ ሸለቆ ነው። በሳምንት አንዲት ቀን እረፍት የምታገኝ የቤት ሠራተኛም ሆነች ትምህርቱን አቋርጦ መተንፈስ የፈለገ ተማሪ በእግሩ ሊዞራቸው የሚችሉ ቦታዎች ናቸው። ለእንዲህ ያለው ጉዞ የሚሆን ልብስና ዕቃ በገበያ ማዕከሎቹ ተሰቅሎ ይሸጣል። ዋጋውን አይቶ የተመለሰ ሰው ወይ መቅረት ወይ እንዳለ መውጣት እንጂ ሌላ ምርጫ ያለው አይመስለውም። ሦስተኛው ምርጫ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ቁም ሣጥኑን፣ የወጥ ቤቱን መደርደሪያና የመጥረጊያውን እንጨት ይጨምራል። ይህ ምዕራፍ የሚጠይቀው ይህ የጓዳ ትጥቅ እስከ ምን ድረስ ያዋጣል የሚለውን ነው።

መልሱ የሚጀምረው ከዕቃው ሳይሆን ከአደጋው ነው። በረሃ የወጣን ሰው የሚጎዱ ነገሮች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ቀስ ብሎ የሚጎዳ ነው፦ ፀሐይ፣ ሙቀት፣ ጥም፣ ጫማ ውስጥ የገባ አሸዋ፣ የሌሊት ብርድ። ሁለተኛው በቅጽበት የሚመታ ነው፦ ከገደል የሚወርድ ድንጋይ፣ መውደቅ፣ ደራሽ ውሃ፣ የእባብ ጥርስ። የቤት ዕቃ ለመጀመሪያው ወገን አጥጋቢ መከላከያ ይሆናል፤ ለሁለተኛው አይሆንም። ምክንያቱ የዕቃው መርከስ ወይም መወደድ አይደለም። ቀስ ብሎ የሚጎዳ ነገር ያስጠነቅቃል፤ ነጠላው ከአንገት ቢንሸራተት ቆዳ ማቃጠል ይጀምራል፣ ባለቤቱም ያስተካክለዋል። ስህተት በሠራንና ዋጋውን በከፈልን መካከል ጊዜ አለ፤ የቤት ሙያ የሚያድገውም በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። በቅጽበት የሚመታው ግን ለእርማት ፋታ አይሰጥም። መከላከያው የሚፈተነው አንዴ ነው፤ ያም ፈተና የመጨረሻው ሊሆን ይችላል።

ከፀሐይ እንጀምር። ቆዳን የሚጎዳው የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ጨርቅ ይህን ጨረር ምን ያህል እንደሚያግድ የሚለካበት የመጀመሪያው ደረጃ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ በ1996 ወጣ። ልብስ ላይ «50» ተብሎ ከተጻፈ ከጨረሩ አንድ ሃምሳኛው ብቻ ያልፋል ማለት ነው። ስስ ነጭ የጥጥ ካናቴራ ግን በዚሁ መለኪያ ከ5 እስከ 10 ቢደርስ ነው። ይህን የሰማ ሰው ነጠላ ዋጋ የለውም ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ሲታጠፍ የሚሆነውን ግን ልብ ይበል። አንዱ ድርብ ከጨረሩ አንድ አምስተኛውን ቢያሳልፍ፣ ሁለተኛው ድርብ የሚያሳልፈው የዚያን አንድ አምስተኛ ነው፤ በግምት አንድ ሃያ አምስተኛ ብቻ ቆዳ ይደርሳል። ስለዚህ ጨርቁን ማጠፍ አዲስ ልብስ እንደ መግዛት ይቆጠራል። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብና ቀዳዳው ስለሚጠብ፣ ደጋግሞ የታጠበ ልብስ ከአዲሱ ይበልጥ ይከልላል። የጠቆረ ቀለምም ከነጩ የበለጠ ጨረር ያስቀራል። መስኮት ፊት ዘርግቶ ብርሃኑን ማየት የቤት መመዘኛ ነው፦ ቀዳዳው ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ጨርቅ ለብቻው አይበቃም፣ ይታጠፍ።

ሙቀት ከጨረር የተለየ ጠባይ አለው። እዚህ ላይ የተለመደው እምነት ነጭ ልብስ ያቀዘቅዛል፣ ጥቁር ያቃጥላል የሚል ነው። ሽኮልኒክ፣ ቴይለር፣ ፊንችና ቦሩት የተባሉ ተመራማሪዎች በረሃ ውስጥ የሚኖሩ በደዊኖች ለምን ጥቁር እንደሚለብሱ መርምረው ውጤቱን በ1980 በኔቸር መጽሔት አወጡ። ጥቁሩ ቀሚስ ከነጩ የበለጠ ሙቀት ይውጣል፤ ሆኖም ልብሱ ሰፊ በመሆኑ ትርፉ ሙቀት ገላ ሳይደርስ ከጨርቁና ከሥሩ ከሚመላለሰው አየር ጋር ይወጣል። ለባሹ ጋ የሚደርሰው ሙቀት በሁለቱም እኩል ሆኖ ተገኘ። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ በበረሃ ከቀለሙ ይልቅ ስፋቱ ይቀድማል። ከሰውነት ጋር የተጣበቀ ውድ የስፖርት ልብስ የማያደርገውን የአባት ሰፊ ሸሚዝ ያደርገዋል። ከሁሉም በላይ ግን ጃንጥላ አለ። ፀሐይ ላይ የቆመን ሰው የሚያሞቀው አየሩ ብቻ አይደለም፣ በቀጥታ የሚያርፍበት ጨረርም ጭምር ነው፤ ጃንጥላ የያዘ ሰው ጥላውን ይዞ ይሄዳል። ከአሸዋው የሚንጸባረቀው ጨረር ግን ከታች ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የደረቅ የባሕር ዳር አሸዋን ነጸብራቅ 15 በመቶ ገደማ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ጃንጥላም ተይዞ አንገትና አገጭ ይሸፈኑ።

ጨርቅን ማርጠብ ሌላው የጓዳ ጥበብ ነው፤ ደረቅ አየር ባለበት አገር ደግሞ ኃይሉ ይበረታል። አንድ ሊትር ውሃ ከገላ ላይ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የግብፅ ሰዎች ባልተለበጠ የሸክላ ማሰሮ፣ «ቁላ» በሚሉት፣ ውሃ የሚያቀዘቅዙት በዚሁ ሕግ ነው፤ በእንስራ የተቀመጠ ውሃ ከፕላስቲክ ባልዲው የሚቀዘቅዘውም እንዲሁ ነው። ሸክላው ያልባል፣ ላቡ ይተናል፣ የተረፈው ይቀዘቅዛል። ማሰሮ ተሸክሞ ገደል መውጣት አይቻልም፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ያረጀ የጥጥ ካልሲ አልብሶ ማርጠብ ይቻላል። አየሩ 35 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 25 በመቶ በሆነበት ቀን፣ ጥላና ነፋስ ያገኘ እርጥብ ጨርቅ ወደ 21 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ የረጠበ ስስ ጥጥ ከደረቁ የበለጠ አልትራቫዮሌት ያሳልፋል። ገላን የሚያቀዘቅዘው ጨርቅ ከፀሐይ የሚጋርደው ጨርቅ ሆኖ መቆጠር የለበትም። እርጥቡ ከሥር አንገት ላይ ይዋል፣ ደረቁ ድርብ ከላይ ይጋርደው። የላቡን ምትክ በተመለከተም ጓዳው ያለውን ይሰጣል፦ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ሲበዛ ስለሚጎዳ ከማንኪያው አፍ በላይ ያለው ተጠርጎ ይለካ።

እግር ከራስ እኩል ትኩረት ይፈልጋል። በዋዲ ደግላ ጠጠርና አሸዋ ላይ የሚሄድ ሰውን ከመንገድ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ድካም አይደለም፤ ጫማው ውስጥ የገባ ጥቂት አሸዋ የፈጠረው ውሃ ያዘለ ቁስል ነው። የድሮ ወታደር ለዚህ ገምባሌ ነበረው። ካረጀ ጂንስ ሱሪ የታችኛውን እግር ቆርጦ፣ አፉን በላስቲክ አጥብቆ፣ ከጫማው ማሰሪያ ጋር ማያያዝ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከውስጥ ስስ የናይለን ካልሲ፣ ከላይ ወፍራም ካልሲ መደረቡ ደግሞ መፋተጉን ከቆዳ ወደ ካልሲዎቹ መካከል ያዞረዋል። ዱላም ከትጥቅ ይቆጠራል። ሽቫመደርና ባልደረቦቹ በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ በሁለት ምርኩዝ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው በጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና እንደ ዓይነቱ ከ12 እስከ 25 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የመጥረጊያ እንጨት የተፈተነው ምርኩዝ አይደለም፤ ክንድ ከእግር ላይ ሸክም የሚቀበልበት መንገድ ግን አንድ ነው። የአገራችን እረኛ ዱላውን ሳይዝ ቁልቁለት የማይወርደው ለጌጥ ብሎ አይደለም።

እረኛው ከተነሣ ዘንድ፣ በዝናብ የሚለብሰውን ገሳም እናስብ። ገሳ የሣር ልብስ ነው፤ ሣሩ ወደ ታች ተደርድሮ ጠብታው ከአንዱ ሰበዝ ወደ ሌላው እየተላለፈ ከትከሻ ርቆ ይወርዳል። የጎጆ ክዳን የሚሠራበት ሕግ ነው፤ ልዩነቱ ገሳው መራመዱ ነው። የመንዝ ባናና ዝተት ከበግ ጠጉር ተሠርተው ብርድ ይመክታሉ፣ ጋቢ በአራት ድርቡ መካከል አየር አፍኖ ያሞቃል፣ በረባሶ ያለቀ የመኪና ጎማ ወደ እግር ጫማነት ተለውጦ ነው። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ፣ ካይሮም በሞቃታም ተራራ ሥር መንሺየት ናስር፣ የተጣለን ነገር ዳግም የሚያውሉ ሰፈሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ከዚህ ታሪክ ቸኩሎ ማንኛውም የቤት ሥራ ያዋጣል ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ገሳ አንድ ሰው አንድ ማታ ያሰበው ነገር አይደለም፤ ብዙ ትውልድ ክረምት በመጣ ቁጥር ፈትኖታል፣ የሚያፈሰውን ጥሎ የሚያግደውን አቆይቷል። ከአባቶች የምንወርሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የፈተናውን ልማድ ጭምር ነው።

ዘመናዊ ምስክር ከፈለግን ወይዘሮ ኤማ ጌትዉድ አሉ። እኚህ የኦሃዮ ሴት በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ በአሜሪካ ያን ጊዜ 3,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝም የነበረውን የአፓላችያን መንገድ ብቻቸውን በአንድ ወቅት በመጨረስ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኑ። የያዙት ራሳቸው የሰፉትን የጨርቅ ከረጢት፣ ብርድ ልብስና ለዝናብ የሚሆን የመታጠቢያ ቤት ፕላስቲክ መጋረጃ ነበር። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው እዚህ ድረስ ነው። የምዕራፋችንን ነጥብ የያዘው ግን ያልተነገረው ክፍል ነው። ከዚያ በፊት በ1954 ሞክረው ነበር፤ መንገድ ስተው፣ መነጽራቸው ተሰብሮ፣ በጫካ ጠባቂዎች ተገኝተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በ1955ቱ ጉዞም መጋረጃው ሲያገለግል ጫማው እያለቀ ተደጋግሞ ተቀይሯል። መጋረጃ የዝናብ ልብስን ይተካል፤ መነጽርን ግን ምንም አልተካውም።

ስለዚህ ወሰኑን በግልጽ እናስምር። ቴሌቪዥን ታሽጎ የመጣበት ነጭ ፎም ከራስ ቁር ውስጥ ካለው ጋር ስለሚመሳሰል፣ ቆርጦ ባርኔጣ ውስጥ መስፋት የሚያምረው ሰው ይኖራል። ኢኤን 12492 የተባለው የአውሮፓ የተራራ ራስ ቁር ደረጃ 5 ኪሎ ክብደት ከ2 ሜትር ከፍታ ቁሩ አናት ላይ ይጥላል፤ ወደ ጭንቅላት የሚያልፈው ኃይል ከ10 ኪሎ ኒውተን መብለጥ የለበትም። ይህን የሚያሳካው የፎሙ መኖር ሳይሆን የእፍጋቱ፣ የውፍረቱና የቅርፉ ልክ ነው። የማሸጊያው ፎም ያንን ልክ ይያዝ አይያዝ ቤት ውስጥ የሚታወቅበት መንገድ የለም። የልብስ ማስጫ ገመድም የሰው ክብደት ሲወድቅበት የሚያደርገው አይታወቅም። የጂንስ ገምባሌ እሾህና ጠጠር ያቆማል እንጂ የእፉኝት ጥርስ አያቆምም። ነጠላ አፍ ላይ ቢጠመጠም ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚነፍሰው ኻማሲን የሚነሣውን ሻካራ አሸዋ ያስቀራል፤ ሳንባ ድረስ የሚዘልቀውን ደቃቅ አቧራ ግን ያሳልፋል፣ አስም ያለበት ሰው ሊተማመንበት አይገባም። የጠቆረ ግን አልትራቫዮሌት የማያግድ ርካሽ መነጽርም ከምንም ይከፋል፤ ጨለማው የዓይንን ብሌን ያሰፋና ጨረሩን በሰፊ በር ያስገባል።

በዚህ ክፍፍል ላይ ሦስት ተቃውሞ ይነሣል። የመጀመሪያው ያልተለካ ነገርን ማመን አይገባም የሚል ነው። ለቅጽበቱ አደጋ ተቃውሞው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ከላይ ያሰመርነው ወሰንም በዚሁ ላይ ቆሟል። ለዝግተኛው ግን መለካት የላቦራቶሪ ብቻ አይደለም። ገምባሌውን አስሮ ደረጃ ላይ ለአንድ ሰዓት መውጣትና መውረድ፣ ካልሲ የለበሰውን ጠርሙስ ሰገነት ላይ ካልለበሰው ጎን ማቆም፣ ዱላውን በሙሉ ክብደት ተደግፎ መሞከር ይቻላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ስንፍናን የሚነቅፍ ብቻ አይደለም፤ የፈተናን ቦታም ይነግረናል። ትጥቅ የሚፈተነው ቤት ደጃፍ ላይ ነው፣ ቢፈታ የሚያሳፍር እንጂ የሚገድል ባልሆነበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይህ ድህነትን ማሞገስ ነው ይላል፤ ርካሽ ነገር ውሎ አድሮ ያስወጣል፣ ይልቅ ገንዘብ አጠራቅሞ ደህናውን መግዛት ይሻላል። ግማሹ እውነት ነው። ግን የክፍፍላችን ጥቅም የሚታየው እዚሁ ነው፦ ገንዘብ ወዴት መሄድ እንዳለበት ይነግራል። ለፀሐይ ልብስ፣ ለጠርሙስ መያዣና ለምርኩዝ የሚወጣው ገንዘብ ቢቀመጥ ጥሩ ጫማና ጨረር የሚያግድ መነጽር ይገዛል። ጫማውም ቢሆን የግድ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ሰልባጅ ተራ እንዳለ ሁሉ ካይሮም ቡላቅ ውስጥ ወካላት አል-ባላህ አለ፤ ሶሉን አጥፎና ስፌቱን ስቦ የሚመረምር ገዢ እዚያ ደህና ነገር አያጣም። የጓዳ ትጥቅ ቁጠባ የሚሆነው ቁጠባው ወደማይተካው ዕቃ ሲዞር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፦ ራሱን የታጠቀ የመሰለው ሰው ባይታጠቅ ኖሮ የማይሄድበት ቦታ ይሄዳል። ለዚህ የተገዛ ዕቃም ሰውን ያደፋፍራል ብሎ መመለስ ይቻላል፤ መልሱ ግን ሽሽት ነው። ይልቁንም ተቃውሞው የራሳችንን ክፍፍል እንድናርም ያስገድደናል። ዝግተኛው አደጋ ሁልጊዜ ዝግተኛ ሆኖ አይቀርም። ሙቀት ለሰዓታት ያስጠነቅቃል፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መኮማተር። የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍና አእምሮ መዛባት ሲጀምር ግን ጉዳዩ ወደ ቅጽበቱ ወገን ተሻግሯል፤ ያን ጊዜ ተጎጂው ራሱ ማስጠንቀቂያውን የሚሰማበት አቅም የለውም። እንግዲህ ነጠላውም፣ ጃንጥላውም፣ እርጥቡ ካልሲም የሚሰጡት ጊዜ ነው፤ ያንን ጊዜ የምናውለው ለመመለሻው እንጂ ለተጨማሪ ኪሎ ሜትር መሆን የለበትም። ከውሃው ግማሹ ሳያልቅ መዞር፣ ብቻ አለመሄድ፣ የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለሰው መንገር፤ እነዚህ ሦስቱ ምንም አያስወጡም፣ ያለ እነሱም የጓዳው ትጥቅ ጎዶሎ ነው።

ካይሮ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ በአንድ የነሐሴ ቀን ልታወርደው የምትችለው መጠን። በዚህ የተነሣ ደረቁን ሸለቆ የሚያይ ሰው ውሃ የቆረጠው መሆኑን ይረሳል። በሚያዝያ 2018 የወረደ ዝናብ የኒው ካይሮን መንገዶች አጥለቅልቆ መኪኖችን ከነሰዎቻቸው አግቷል፤ በመጋቢት 2020 ደግሞ ግብፃውያን «የዘንዶው ማዕበል» ያሉት ዝናብ አገሩን መታ። ጠጣር መሬት ውሃ አይጠጣም፤ ሩቅ የወረደው ሁሉ ተሰብስቦ በሸለቆው ይመጣል፣ ሸለቆው ውስጥ ያለው ሰውም ከራሱ በላይ ሰማዩን ጠርቶ እያየው ሊደርስበት ይችላል። ለዚህ የሚሆን ልብስ በሱቅም በጓዳም የለም። ስለዚህ በምሥራቅ በኩል ደመና በተቆለለበት ቀን ነጠላው ከነእጥፋቱ፣ ጃንጥላው ከነሽፋኑ፣ የመጥረጊያው እንጨትም ከመጥረጊያው ጋር ይቆይ፤ ባለቤታቸውም አብሯቸው ቤት ይዋል።